የተከላ መዝገብና የሥራ ምስክር፤ በ«ኦምፒ-ኢንፎ» ላይ የቀረበ ትችት

ትይዩ ስሌት፣ ማለት ብዙ ፕሮሰሰሮች አንዱን ሥራ ተካፍለው ጐን ለጐን የሚያከናውኑበት ዘዴ፣ ከጥቂት ታላላቅ ላቦራቶሪዎች እጅ ወጥቶ ወደ ተማሪው ጠረጴዛ ከደረሰ ቈይቷል። ዛሬ አንድ የሳይንስ ተማሪ ስምንት ኮር ባለው ኮምፒዩተር ላይ ኦፕን ኤምፒአይ የተባለውን ሶፍትዌር ያለ ዋጋ ጭኖ፣ ስሌቱን ለስምንት አካፍሎ፣ የወሰደበትን ጊዜ በሠንጠረዥ አስፍሮ ለማቅረብ ይችላል። ሶፍትዌሩ እንዴት እንደ ተተከለና እንደ ተቀናበረ ለማስረዳት በጽሑፉ መጨረሻ የሚለጠፈው ማስረጃ ኦምፒ-ኢንፎ የተባለው ትእዛዝ የሚያወጣው ዝርዝር ነው። አንባቢም ዝርዝሩን ሲያይ ነገሩ ተመርምሮ ያለቀ ይመስለዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ዝርዝር እንደ አንድ ድርሰት አንብቦ መተቸት ነው። ጥያቄው አጭር ነው፤ ኦምፒ-ኢንፎ ስለ ምን ይመሰክራል? የምሰጠውም መልስ ይህ ነው፤ ኦምፒ-ኢንፎ ስለ ተከላው የታመነ መዝገብ ነው፤ ስለ ሥራው ግን ምስክር አይደለም። ሁለቱን ማምታታት የቃል ስሕተት ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ሐሰተኛ የምርምር ውጤት እስከ ማሳተም ያደርሳል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው፤ የትእዛዞቹንም ስም እንደ አነባበባቸው ጽፌአቸዋለሁ።

፩. የመሣሪያው ትውልድ

ኤምፒአይ ራሱ ሶፍትዌር አይደለም፤ በአንድ ስሌት ላይ የተሰማሩ ፕሮሰሶች እርስ በርሳቸው መልእክት የሚለዋወጡበትን ደንብ የሚወስን ሰነድ ነው። የመጀመሪያው ደንብ በ1994 ወጣ፤ ሁለተኛው በ1997፣ ሦስተኛው በ2012፣ አራተኛው በ2021፣ አምስተኛው በ2025 ተከተሉ። ደንቡን በሥራ የሚተረጕሙት ሶፍትዌሮች ግን ብዙ ናቸው። ከነዚህ አንዱ የሆነው ኦፕን ኤምፒአይ የተወለደው ቀድሞ ለየብቻ ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ሥራቸውን ባዋሐዱ ጊዜ ነው፤ እነርሱም የቴነሲ ዩኒቨርሲቲ፣ የሎስ አላሞስ ብሔራዊ ላቦራቶሪና የኢንድያና ዩኒቨርሲቲ ሲሆኑ የሽቱትጋርት ዩኒቨርሲቲም ድርሻ ነበረው። 1.0 የተባለው ዕትም በ2005 ወጣ። ከኢንድያና የመጣው ላም-ኤምፒአይ «ላም-ኢንፎ» የሚባል ትእዛዝ ስለ ነበረው፣ ኦምፒ-ኢንፎ የዚያ ልጅ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

እንዲህ ያለ ትእዛዝ ለምን አስፈለገ? ምክንያቱ በሶፍትዌሩ አሠራር ውስጥ ይገኛል። ኦፕን ኤምፒአይ አንድ ወጥ አካል ሳይሆን ከብዙ ክፍሎች የተገጣጠመ ነው። አንዱ ክፍል መልእክትን በተራው የቲሲፒ ኔትወርክ ያስተላልፋል፤ ሌላው በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ባለው የጋራ ማስታወሻ ያቀባብላል፤ ሌላው ኢንፊኒባንድ በሚባለው ፈጣን ኔትወርክ ይጠቀማል፤ ሌሎቹ ደግሞ ብዙ ፕሮሰሶች በአንድነት የሚያደርጉትን ልውውጥ ወይም የፋይል ጽሕፈት ይመራሉ። የትኞቹ ክፍሎች እንደሚኖሩ የሚወሰነው ሶፍትዌሩ በሚሠራበት ቀን ነው፤ ከነዚያ መካከል የትኞቹ እንደሚያገለግሉ ግን የሚወሰነው ስሌቱ በተነሣባት ቅጽበት ነው። ትችቴ ሁሉ የቆመው በነዚህ ሁለት ጊዜያት መካከል ባለው ርቀት ላይ ነው።

፪. ዝርዝሩ በደንብ የሚናገረው

ለመሣሪያው የሚገባውን ምስጋና አስቀድሞ መስጠት ተገቢ ነው። ኦምፒ-ኢንፎ ያለ ተጨማሪ ቃል ሲጠራ በመጀመሪያ የሶፍትዌሩን ዕትምና የወጣበትን ቀን፣ የሚከተለውን የኤምፒአይ ደንብ ቍጥር፣ የተተከለበትን ዶሴ፣ በየትኛው ማሽን፣ በማንና መቼ እንደ ተቀናበረ፣ እንዲሁም በየትኛው የሲና የፎርትራን ኮምፓይለር እንደ ተሠራ ይናገራል። ተካዩ ተመርቆ ወይም ሥራ ለቆ በሄደበት የጋራ ማሽን ላይ እነዚህ ጥቂት መስመሮች ብቸኛው መታሰቢያ ሊሆኑ ይችላሉ። ሶፍትዌሩ ከተዘጋጀ ጥቅል የመጣ እንደ ሆነ ግን የቀንና የማሽን መስመሮቹ ጥቅሉ የተዘጋጀበትን ሩቅ ማሽን የሚመለከቱ መሆናቸውን ማስታወስ ያስፈልጋል። በኡቡንቱ 22.04 ላይ ከጥቅል የተጫነው 4.1.2 ዕትም፣ ለምሳሌ፣ በመጀመሪያው መስመሩ የዴቢያን ጥቅል መሆኑን ይናገራል፤ ስለዚህ «ተሠራ» የተባለው በተማሪው ጠረጴዛ ላይ አይደለም።

ከዚህ ቀጥሎ በኔ አስተያየት ከዝርዝሩ ሁሉ የላቀው መስመር ይመጣል። ዘመናዊውን የፎርትራን አጠቃቀም በሚመለከተው ስፍራ ላይ፣ ሶፍትዌሩ በጂፎርትራን የተሠራ እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ የሚነበበው ቃል በአጭሩ እንዲህ ያለ ነው፤ ይህ አገልግሎት አለ፤ ነገር ግን በኮምፓይለሩ ወይም በኦፕን ኤምፒአይ ጕድለት ምክንያት የሚከተሉትን አይደግፍም፤ ይልና የጐደለውን ይዘረዝራል። አንድ መሣሪያ «አለኝ» ካለ በኋላ በዚያው ትንፋሽ «ነገር ግን ይህ ይጐድለኛል» ሲል መስማት ብርቅ ነው። ይህን መስመር ወደ ኋላ ስለምመለስበት አንባቢ እንዲያስታውሰው እለምናለሁ።

ሁለተኛው የሚመሰገን ነገር ስለ ፓራሜትሮች የሚሰጠው መረጃ ነው። የኦፕን ኤምፒአይን ጠባይ የሚለዋውጡ ፓራሜትሮች እጅግ ብዙ ናቸው። ዋጋቸውም ከአምስት ስፍራ ሊመጣ ይችላል፤ በመጀመሪያ ስሌቱን በሚያስነሣው የትእዛዝ መስመር ላይ ከተጻፈው፣ ቀጥሎ ከኢንቫይሮመንት ቫርያብል፣ ቀጥሎ ከተጠቃሚው የግል ፋይል፣ ቀጥሎ ከማሽኑ አስተዳዳሪ ፋይል፣ በመጨረሻም ማንም ሳይነካው ከተተወው ዲፎልት። ፊተኛው ኋለኛውን ይሽራል። ኦምፒ-ኢንፎ የፓራሜትሩን ዋጋ ብቻ ነግሮ አያልፍም፤ ያ ዋጋ ከየት እንደ መጣ ጭምር ይጽፋል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለው የአባቶች ብሂል በዚህ መስመር ላይ በሚገባ ተፈጽሟል። አንድ ሰው ከዓመት በፊት በግል ፋይሉ የጻፈውንና የረሳውን ቅንብር ለማግኘት ከዚህ የቀለለ መንገድ አላውቅም።

፫. ዝርዝሩ የሚሰውረው

አሁን ወደ ጕድለቶቹ እንለፍ። ከቀላሉ ልጀምር። ፓራሜትሮቹ ከ1 እስከ 9 በደረጃ ተከፍለዋል፤ ከ1 እስከ 3 ለተራው ተጠቃሚ፣ ከ4 እስከ 6 ፍጥነትን ለሚያስተካክል ባለሙያ፣ ከ7 እስከ 9 ለሶፍትዌሩ ሠሪዎች የታሰቡ ናቸው። ይህ አከፋፈል በ2012ቱ የኤምፒአይ ደንብ ውስጥ ካለው የመመርመሪያ ክፍል የመጣ ነው። አሳቡ መልካም ነው፤ ጀማሪውን በመቶ በሚቈጠሩ መስመሮች ማስጨነቅ አይገባም። ነገር ግን ተማሪው የአንዱን ክፍል ፓራሜትሮች አሳየኝ ብሎ ደረጃ ሳይጠቅስ ቢጠይቅ የሚታዩት የደረጃ 1ዎቹ ብቻ ናቸው።

ይህ ምን ጕዳት አለው? አንድ ተማሪ መልእክት ከማሽን ወደ ማሽን የሚደርስበትን ጊዜ እንደ መልእክቱ መጠን ለክቶ ሥዕል ቢሥል፣ መስመሩ በአንድ ስፍራ ላይ በድንገት ይሰበራል። በ4.1 ዕትም ለቲሲፒ ይህ ወሰን 65536 ባይት ነው፤ ከዚህ የሚያንሰው መልእክት ሳይጠየቅ ወዲያው ይላካል፤ የሚበልጠው ግን ተቀባዩ እስኪዘጋጅ ፈቃድ ይጠብቃል። ስብራቱን የሚያስረዳው ፓራሜትር በደረጃ 4 ላይ ስለ ተቀመጠ፣ በተራው ጥያቄ አይታይም። ተማሪው ያላየውን ነገር የለም ብሎ፣ ስብራቱን በኔትወርኩ ወይም በኮምፒዩተሩ ላይ ሊያላክከው ይችላል። ሁሉን አሳይ በሚለው አማራጭ ወይም ደረጃ 9ን በመጥቀስ መጠየቅ የሚገባው ስለዚህ ነው።

የስሞቹም ነገር አለ። ክፍሎቹ የተመደቡበት ርእስ ሁሉ በሦስትና በአራት ፊደል ምሕጻረ ቃል የተጻፈ ሲሆን፣ ዝርዝሩ የትኛውንም አይፈታም። የጋራ ማስታወሻውን የሚያስተዳድረው ክፍል በ4ኛው ዕትም «ቬደር» ይባል ነበር፤ ከስሙ ተነሥቶ ሥራውን የሚገምት ሰው ይኖራል ብዬ አላምንም። በ2023 በወጣው 5.0 ዕትም «ኤስኤም» ተብሎ፣ ማለት የጋራ ማስታወሻ በሚሉት ቃላት መነሻ ፊደሎች፣ መሰየሙ መልካም እርማት ነው።

ከነዚህ ይልቅ የሚከብዱት አራት ጕድለቶች ግን ዝርዝሩን እንደ ምስክር ለመቀበል የሚከለክሉት ናቸው።

አንደኛ፣ ዝርዝሩ ያለውን እንጂ የተመረጠውን አይናገርም። ከነጥብ ወደ ነጥብ የሚሄደውን መልእክት ከሚመሩት ክፍሎች መካከል «ኦቢ1» እና «ዩሲኤክስ» በአንድነት ተዘርዝረው ሊገኙ ይችላሉ። በአንድ ሥራ ላይ የሚያገለግለው ግን አንዱ ብቻ ነው። ዩሲኤክስ በኢንፊኒባንድ ላይ መልእክትን በአንድና በሁለት ማይክሮሰከንድ ገደማ ሲያደርስ፣ ተራው የቲሲፒ መንገድ በአሥሮች የሚቈጠር ማይክሮሰከንድ ይወስዳል። የመሣሪያው ካርድ ወይም ነጂው ሶፍትዌር ሳይገኝ ቢቀር፣ ኦፕን ኤምፒአይ ሌላውን መንገድ ይዞ ሥራውን ይቀጥላል፤ መልሱም ትክክል ይሆናል፤ ጊዜው ብቻ ይረዝማል። ተማሪው ግን በዝርዝሩ ላይ ዩሲኤክስ የሚለውን አይቶ «በፈጣኑ ኔትወርክ ተሠራ» ብሎ ይጽፋል፤ ከዚያም «ይህ ዘዴ ከአንድ ማሽን በላይ አይጠቅምም» ብሎ ይደመድማል። ዘዴው አልተፈተነም፤ የተፈተነው መንገዱ ነው። የግምጃ ቤት መዝገብ በመደርደሪያ ላይ ያለውን ዕቃ ይቈጥራል እንጂ ዛሬ ለሥራ የወጣው የትኛው እንደ ሆነ አይናገርም።

ሁለተኛ፣ ዝርዝሩ የሚናገረው ትእዛዙ ስለ ተጻፈበት ማሽን ብቻ ነው። ስሌቱ በአራት ማሽኖች ላይ የሚሠራ ከሆነ፣ የሦስቱ ተከላ የተለየ ዕትም ቢሆን ወይም አንድ ክፍል ቢጐድላቸው፣ ከመግቢያው ማሽን የተወሰደው ዝርዝር ዝም ይላል። በትእዛዝ መስመር ላይ ለኤምፒአይ-ረን የተሰጡትንም ቅንብሮች አያውቃቸውም፤ እርሱ የሚያየው ኢንቫይሮመንቱንና ፋይሎቹን ነው።

ሦስተኛ፣ በስሕተት የተጻፈን የፓራሜትር ስም አያጋልጥም። ኤምፒአይ-ረን የማያውቀውን ስም አልቀበልም አይልም፤ ተቀብሎ ለፕሮሰሶቹ ያስተላልፈዋል፤ የሚያነበው ክፍል ግን ስለሌለ ቃሉ በከንቱ ይቀራል። በስሙ ውስጥ አንዲት ፊደል ያዛወረ ተማሪ «ቅንብሩን ለወጥሁ፣ ለውጥ ግን አላየሁም» ይላል። የዚህ ዐይነት «ለውጥ የለም» የሚል ውጤት በሠንጠረዥ ላይ ሲሰፍር ከእውነተኛው «ለውጥ የለም» በምንም አይለይም። ኦምፒ-ኢንፎ በዚህ ላይ ግማሽ ርዳታ ይሰጣል፤ ትክክለኛው ስም አሁንም በዲፎልት ላይ መሆኑን ያሳያል፤ ነገር ግን «ያላወቅሁት ስም ተጽፎአል» ብሎ አይናገርም።

አራተኛውና ከሁሉ የከፋው፣ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ከአንድ በላይ ተከላ ሲኖር ነው። አንዱ ከስርዓተ ክወናው ጥቅል፣ ሌላው ከፓይተን ጥቅሎች ጋር፣ ሌላው በእጅ ተሠርቶ ሊገባ ይችላል። ኦምፒ-ኢንፎ የሚናገረው ስሙ በተጠራ ጊዜ ቀድሞ ስለተገኘው ተከላ ብቻ ነው። ፕሮግራሙ በኦፕን ኤምፒአይ ተሠርቶ በሌላው ቤተሰብ፣ በኤምፒአይ-ሲኤች፣ ማስነሻ ቢነሣ ብዙ ጊዜ የስሕተት መልእክት አይመጣም፤ የሚነሡት ስምንት ፕሮሰሶች ግን እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም። እያንዳንዱ «እኔ ቍጥር 0 ነኝ፤ ጠቅላላው ብዛትም 1 ነው» ብሎ ያምናል።

ይህ ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ ለምሳሌ ያህል እንመልከት። አንድ ተማሪ የፓይን ዋጋ በዕጣ ቍጥሮች የሚገምት ፕሮግራም ጽፎ፣ የያንዳንዱን ፕሮሰስ የዕጣ መነሻ ከፕሮሰሱ ቍጥር ላይ አደረገው እንበል። ስምንቱ ፕሮሰሶች ስምንት ልዩ ልዩ ግምት ሊሰጡ ይገባቸው ነበር። ነገር ግን ሁሉም ራሳቸውን ቍጥር 0 ያደረጉ ስለሆነ ሁሉም አንድ መነሻ ይይዛሉ፤ ሁሉም እስከ መጨረሻው አኃዝ ድረስ አንድ ዐይነት መልስ ይሰጣሉ። ያልጠረጠረ ተማሪ ስምንት ነጻ ምስክሮች በአንድ ቃል ተስማሙ ብሎ ይደሰታል፤ የተናገረው ግን አንዱ ሰው ስምንት ጊዜ ነው። ውጤቱ በስክሪን ላይ ቢታተም ስምንት ጊዜ መደጋገሙ ያስጠረጥር ይሆናል፤ በአንድ ፋይል ላይ ቢጻፍ ግን አንዱ በሌላው ላይ እየተጻፈ ምልክቱም ይጠፋል። በዚህ ጊዜ ሁሉ በጽሑፉ መጨረሻ የተለጠፈው የኦምፒ-ኢንፎ ዝርዝር ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው እውነት ነው። እውነት የሆነ ሰነድ ለሐሰተኛ ውጤት መሸፈኛ ሆነ ማለት ነው።

፬. ከሌሎች ጋር ሲነጻጸር

የኤምፒአይ-ሲኤች ቤተሰብ ያለው አቻ ትእዛዝ ዕትሙን፣ የመገናኛ ክፍሉን፣ ተካዩ የሰጠውን ምርጫና ኮምፓይለሮቹን ብቻ ነው የሚናገረው። በዝርዝርነት ኦምፒ-ኢንፎ ይበልጠዋል፤ ሁለቱም ግን መዝገብ ናቸው። ሌላ ወገን ያለው መፍትሔ ግን የተለየ ነው። በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ሥራን ለማካፈል የሚያገለግለው የኦፕን-ኤምፒ ደንብ፣ ስሙ ከኦፕን ኤምፒአይ ጋር ቢቀራረብም ሌላ ነገር ነው፤ በ2013 በወጣው 4.0 ዕትም አንድ የኢንቫይሮመንት ቫርያብል ደነገገ፤ ያ ቫርያብል ከበራ ፕሮግራሙ ራሱ ሥራ ሲጀምር ቅንብሮቹን ይናገራል። የኢንቴል ኤምፒአይም በማረሚያ ቫርያብሉ አማካይነት እንዲሁ በመነሻው ላይ የመረጠውን መንገድ ያትማል። እዚህ ላይ የሚናገረው ግምጃ ቤቱ ሳይሆን ሥራ ላይ ያለው ሠራተኛ ነው።

ኦፕን ኤምፒአይም ይህን ችሎታ አላጣውም። ስሌቱ ሲነሣ የፓራሜትሮቹን ዋጋ እንዲያትም የሚያዝ «ኤምፒአይ-ሾው-ኤምሲኤ-ፓራምስ» የተባለ ፓራሜትር አለው፤ ክፍሎቹም ሲመረጡ ምርጫቸውን ጮክ ብለው እንዲናገሩ የሚያደርጉ ሌሎች ፓራሜትሮች አሉ። በ2012ቱ ደንብ ደግሞ ፕሮግራሙ የተያያዘበትን ቤተ መጻሕፍት ስምና ዕትም ከውስጥ ሆኖ የሚጠይቅበት ጥሪ ተጨምሯል። ቅሬታዬ እነዚህ ስለሌሉ አይደለም፤ ኦምፒ-ኢንፎ አንባቢውን ወደ እነርሱ ስለማይመራ ነው። ከዚህም ሌላ በ5.0 ዕትም ፕሮሰሶችን የማስነሣቱ ሥራ ወደ ሌላ ሶፍትዌር ስለ ተላለፈ፣ የማስነሻው ቅንብሮች በሌላ ትእዛዝ፣ በ«ፒአርቲኢ-ኢንፎ»፣ ይጠየቃሉ፤ ስለዚህ መዝገቡ ራሱ ተከፍሏል።

፭. መልስ ለሚከራከር

አንድ ተከራካሪ «መሣሪያው ስለ ሥራው እመሰክራለሁ ብሎ መቼ ተናገረ? ጥፋቱ የአንባቢው ነው» ሊል ይችላል። ይህ ክርክር ግማሹ እውነት ነው። ሠሪዎቹ የተከላ መመርመሪያ አሉት እንጂ የሥራ መርማሪ አላሉትም። ነገር ግን ስለ ፎርትራን የተጻፈውን ያንን መስመር እናስታውስ። መሣሪያው በአንድ ስፍራ ላይ ወሰኑን መናገር ከቻለ፣ በራሱ ላይ «ከዚህ በታች ያለው በዚህ ማሽን የተገኘውን እንጂ በሥራ ላይ የዋለውን አያሳይም» የሚል አንድ መስመር ማኖር አያቅተውም ነበር። አንዲት መስመር ብዙ ሠንጠረዦችን ታድን ነበር።

የቀረው ግማሽ ጥፋት ግን በእርግጥ የኛ የአንባቢዎችና የጸሐፊዎች ነው። በኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ሚዛኑ የተሠራበትን ፋብሪካ ጽፎ ሚዛኑ በዚያ ቀን ዜሮ ላይ መቆሙን ያልመዘገበ ተማሪ ማርክ ይቀነስበታል። በኮምፒዩተር ላይ ግን ይህንኑ ስናደርግ ማንም አይጠይቀንም።

ስለዚህ የትይዩ ስሌት ውጤት የሚያቀርብ ጽሑፍ ሁሉ ሦስት ነገሮችን አሟልቶ እንዲቀርብ አሳቤን አቀርባለሁ። መጀመሪያ፣ የኦምፒ-ኢንፎ ሙሉ ዝርዝር ከያንዳንዱ ማሽን ይወሰድ፤ ትእዛዙን ራሱን በኤምፒአይ-ረን በየማሽኑ አንድ አንድ ጊዜ ማስነሣት ይቻላል፤ በነጠብጣብ ተከፋፍሎ ለማሽን ንባብ በሚመች አጻጻፍ ስለሚያወጣውም ዝርዝሮቹን ማነጻጸር የደቂቃ ሥራ ነው። ሁለተኛ፣ የተለካው ስሌት ራሱ በተነሣ ጊዜ ያተማቸው ፓራሜትሮችና የመረጣቸው ክፍሎች ይያያዙ። ሦስተኛ፣ ፕሮግራሙ በመጀመሪያ ሥራው የቤተ መጻሕፍቱን ዕትምና የፕሮሰሶቹን ጠቅላላ ብዛት ይጻፍ፤ ስምንት ተጠይቆ አንድ የሚል መልስ ከመጣ ስሌቱ እዚያው ይቁም። ይህ ሦስተኛው ጥቂት መስመር ብቻ የሚፈጅ ሲሆን፣ ከላይ የተጠቀሰውን የስምንቱን ምስክሮች ስሕተት ከሥሩ ይነቅለዋል።

በጠቅላላው ኦምፒ-ኢንፎ በሙያው የታመነ፣ በዝርዝርነቱ ከአቻዎቹ የሚበልጥ፣ የቅንብርን ምንጭ በመናገሩም የሚደነቅ መሣሪያ ነው። ሶፍትዌር የሚተክልና የሚያስተዳድር ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። ለተመራማሪው ግን የምርመራ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ ሊሆን አይችልም። መዝገቡን ከግምጃ ቤቱ፣ ምስክሩንም ከሥራው ቦታ እንጥራ፤ ሁለቱ ቃላቸው ሲገጥም ብቻ ሠንጠረዣችንን እንፈርምበት።